የአዳሪ ተማሪ ምሽት

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ለእረፍት ወደ ሉማሜ መጣ። አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባ አንድ ዓመት ሆኖታል። የገባበት ግቢ ተማሪዎቹን በፈተና መርጦ የሚቀበል፣ ቤተ ሙከራው የተሟላ፣ መኝታ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የማለፉ ወሬ የተሰማ ዕለት እናቱ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ጠርታ ነበር። ልጁ ግን ሲመጣ ፊቱ እንደ ድሮው አልነበረም። ሁለት ቀን ዝም ብሎ ሰነበተና በሦስተኛው ቀን፣ ከሥራ ስወጣ ጠብቆኝ፣ "ጋሼ፣ ደብተሬን ወሰዱብኝ" አለኝ።

የትምህርት ደብተር መስሎኝ ነበር። የግጥም ደብተሩ ኖሯል። ማታ በጥናት ሰዓት ሲጽፍበት ተቆጣጣሪው ያየዋል፤ "ለፈተና የማይወጣ ነገር እዚህ አይጻፍም" ብሎ ይወስድበታል። መወሰዱ ብቻ አልነበረም ልጁን ያስከፋው። "ጋሼ፣ ግጥም ለአዳሪ ተማሪ አይሆንም ማለት ነው? ልተወው እንዴ?" ሲል ጠየቀኝ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከማንም በላይ መመለስ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ይሁን እንጂ ያን ቀን "አይዞህ" ከማለት በቀር ቃል አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልሰጠሁት መልስ ነው። መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁትን ታሪክ ለእናንተም ለአንባቢዎቼ ላካፍል ወደድሁ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ተደራራቢ አልጋ፣ ደወልና የግንብ አጥር ነው፤ ከፈረንጅ አገር የመጣ ነገር። ለእኛ ለጎጃሞች ግን አዳሪነት ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ እያልን የምንጠራቸው የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ሌላ ምን ነበሩ? ተማሪው ከአባት ከእናቱ ተለይቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ አገር ያቋርጣል። ከደረሰበት ደብር አጠገብ በገዛ እጁ ጎጆ ይቀልሳል። "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻም ይነክሰዋል። በዚያች ጎጆ ዓመታት ያድራል። አዳሪ ማለት ይህ ነው።

አያቴ በልጅነታቸው ከአዋበል መሬት ተነሥተው ዲማ ሄደው ቅኔ ተምረዋል። ትምህርቱን ሳይጨርሱ አባታቸው ስላረፉ ተመልሰው ሞፈር ጨበጡ። እኔ የማስታውሳቸው ሽማግሌ ሆነው ነው። በሬ እየነዱ ለብቻቸው ሲያጉተመትሙ እሰማ ነበር። "ምን እያሉ ነው?" ብዬ ስጠይቃቸው "እቆጥራለሁ" ይሉኝ ነበር። እኔ በሬዎቹን ወይም ትልሙን የሚቆጥሩ ይመስለኝ ነበር። ቅኔ መፍጠር በቅኔ ቤት ቋንቋ "መቁጠር" እንደሚባል ያወቅሁት አድጌ ነው።

የትምህርቱ ሥርዓት ልብ ተብሎ ሊታይ ይገባል። ጀማሪው አስቀድሞ ግሱንና አገባቡን ያጠናል። ከዚያ ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃናው ሲቃናለት ወደ ሦስቱ ቤት ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ደረጃ በደረጃም እየወጣ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ ቀን ላይ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያደምጣሉ፤ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማውን፣ ምሥጢሩ የላላውን ያቃናሉ። ሲመሽም መምህሩ ራሳቸው አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪዎቹም የመምህራቸውን ምሥጢር ሲፈቱ፣ ሲከራከሩ፣ ሲደነቁ ያመሻሉ። አንድ የማይሻር ልማድም አለ፤ ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አይቀርብም። ትላንት ቢያስጨበጭብም ትላንት ቀርቷል። ተማሪው ዛሬም ባዶ እጁን ተነሥቶ አዲስ ነገር ይዞ መምጣት አለበት።

እስቲ አስቡት፤ ይህ ትምህርት ቤት አዳራሽ የለውም። መድረክ፣ መጋረጃ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የሥዕል ክፍል የለውም። ያለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓት፣ የየዕለት ግዴታና የሚያቃና አድማጭ። እነዚህ ሦስቱ ግን ለዘመናት ባለቅኔ አፍርተዋል። ዐይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንኳ፣ ሴት ልጅ ከጉባኤ ቤት እምብዛም በማትታይበት ዘመን፣ ከዚሁ ከጎጃም ወጥተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል።

የቅኔ ቤቱን ኑሮ አሳምሬ ለመሳል አይደለም ይህን ማለቴ። ረኀቡ፣ ቅዝቃዜው፣ በሽታው ብዙ ልጅ ቀጥፏል። አያቴም ስለ ዲማ ሲያወጉ ከቅኔው ይልቅ የሚቀድማቸው የውሻው ነገር ነበር፤ የቁርጭምጭሚታቸውን ጠባሳ ያሳዩን ነበር። መከራው ቀርቶ ሥርዓቱ ቢተርፍ ግን ምን ነበረበት እላለሁ።

ለጥቂት ጊዜም ተርፎ ነበር። የዘመናዊ ትምህርት ቤት መድረክ በአገራችን ሲከፈት በላዩ ላይ ከቆሙት ቀዳሚዎች አንዱ የደብረ ኤልያሱ ልጅ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ከጎጃም የቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ፤ መምህር ሆኑ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ተውኔትና መዝሙር እየደረሱ ለተማሪዎቻቸው ያስጠኑ ነበር፤ ተዋናዮቹም የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ቴአትር ቤት የሚባል በወጉ ባልቆመባት ከተማ ቴአትር ቤቱ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው። ዮፍታሔ ከደብረ ኤልያስ ይዘውት የሄዱት መጋረጃና መብራት አልነበረም። በየዕለቱ አዲስ ቃል የማምጣትን ልማድ ነው ይዘው የሄዱት።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም እንዲሁ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ከእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተነሥተው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተማሩ። ኋላም አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1917 ዓ.ም. ከተከፈተው ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። ሁለቱን ትምህርት ቤት የቀመሰ ሰው ነው በ1958 ዓ.ም. "ፍቅር እስከ መቃብር"ን የሰጠን። በዛብህ ያን ያህል ሕያው ሆኖ የሚታየን ደራሲው የአብነት ተማሪን ጎጆ ከውስጥ ስለሚያውቁት ይመስለኛል። ጎጃም ተወልዶ ያንን መጽሐፍ አንብቦ አያቱን ያላገኘ አለ ብዬ አላምንም።

ከነፃነት በኋላ ደግሞ መንግሥት እውነተኛ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች በአንድ ግቢ ይኖሩ ጀመር። ከነዚህ ግቢዎች ዶክተርና መሐንዲስ፣ ሚኒስትርና አምባሳደር እንደ ወጡ ሁሉም ያወራል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነው።

የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ ኮተቤ ነበር የተማረው። ቅኔውን ከአባቱ ቤት፣ እንግሊዝኛውን ከአዳሪው ግቢ አገኘ፤ ኋላም ለንደን ሄዶ ተመልሶ በኮሜዲ ተውኔቶቹ ያሳቀን እርሱ ነው። ይኸው ሰው አባቱ በቃል የነገሩትን የአብነት ተማሪነት ሕይወት ጽፎ በ1959 ዓ.ም. "መጽሐፈ ትዝታ" ብሎ አሳተመ። የአዲሱ አዳሪ ልጅ የአሮጌውን አዳሪ አባት ታሪክ ከመጥፋት አዳነው ማለት ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከሐረር መጥቶ ኮተቤና ዊንጌት ተማረ፤ ሠዓሊም ገጣሚም ሆነ፤ ጀርመን ኮሎኝ ድረስ ሄዶ ሥዕል አጥንቶ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1963 ዓ.ም. "ልጅነት" የተባለውን መድበል ያወጣውና የአማርኛን ግጥም ቅርጽ ያነጋገረው ሰሎሞን ደሬሳም የዊንጌት ልጅ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ አዳሪ ስለሆኑ ብቻ ገጣሚ ሆኑ አልልም። ነገር ግን አዳሪነት ቀን ተማሪ የማያገኘውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ምሽቱን። ቀን ተማሪ ደወል ሲደወል ወደ እንጨቱ፣ ወደ ውኃው፣ ወደ ከብቱ ይሄዳል። አዳሪው ግን ከራት በኋላ ከእድሜ እኩያው ጋር ይቀራል። አንዱ ከሐረር፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከጎጃም መጥተው በአንድ መኝታ ቤት ሲያድሩ የሚያወጉት ከየቤታቸው ያመጡትን ነው። የዚያ ወግ ልጅ ነው ጥበብ።

የምሽቱን ኃይል ሹማምንቱም ሳያውቁት አልቀሩም። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹ በግቢው ውስጥ ይኖሩ ነበር። በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ "ደሃው ይናገራል" የተባለ ግጥሙን ያቀረበው በዚያ መድረክ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የተማሪ ግጥም ጨዋታ መሆኑ ቀረ፤ መንግሥትም በጥርጣሬ ያየው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የአዳሪነቱ ሥርዓት እንዲቀር ተደረገ። እኔ እንደሚመስለኝ መድረክ መዝጋት ለፈለገ ሰው ከመጋረጃው ይልቅ መኝታ ቤቱን መበተን ይቀለዋል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሁለተኛ ደረጃዎቹም አዳሪነት ከሰመ። ዊንጌት የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ተፈሪ መኮንንም እንጦጦ ተብሎ ወደዚያው መንገድ ገባ። ብረት መበየድና ሞተር መጠገን ክቡር ሙያ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ግጥም ያደረበትን ግቢ ታሪክ የሚነግረው ሰው እያነሰ ሄደ።

የኛ ትውልድ በበኩሉ ስም የሌለው አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረው። የገጠር ልጅ ከተማ ወርዶ፣ ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ክፍል ተከራይቶ መማር በጎጃም የተለመደ ነው። ዛሬም ሉማሜ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ከየገጠሩ ስንቅ ተሸክመው የሚገቡ ልጆችን በባንኩ መስኮት አያቸዋለሁ። እኔም ለመሰናዶ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ከሁለት ልጆች ጋር እንዲሁ ኖርሁ። እናቴ ድርቆሽና በሶ ትልክልኝ ነበር። የቤቱ አምፖል አንድ ነበር፤ አከራያችን ማታ በሦስት ሰዓት ያጠፉታል። ግጥም የጀመርሁት በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ጓደኞቼ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ በቃሌ እያልሁ አሰማቸው ነበር፤ ጠዋት ያስታወስሁትን እጽፋለሁ።

አንድ የአማርኛ መምህር ነበሩን። ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ከሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ላይ ወንበር ስበው ይቀመጡና የመጣውን ሁሉ ያደምጣሉ። አበል የላቸውም፤ አንድም ሰው አላዘዛቸውም። አንድ ቀን አንድ ግጥም አነበብሁላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና "ይህን ባለፈው ዓርብ ብለኸዋል፤ ቃሉን ቀየርኸው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሂድና አዲስ ይዘህ ና" አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ ነው የአያቴ የኔታም ዲማ ላይ እንዲሁ ሳይሉ እንዳልቀሩ የገባኝ። ያ መምህር ሳያውቁት፣ ወይም አውቀውት፣ ጉባኤ ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ደጃፍ ላይ ተክለውት ነበር።

ምናልባት ይህ የጎጃሞች ትምክህት ብቻ ይመስል ይሆናል። ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በናይጄሪያ ኡሙአሂያ የሚባል የመንግሥት አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ቺኑዋ አቼቤ እዚያ ተማሪ ነበር። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አንድ እንግዳ ሕግ አወጡ፤ በሳምንቱ በተወሰኑ ቀናት፣ ከሰዓት በኋላ በተወሰነ ሰዓት፣ የትምህርት መጽሐፍ መያዝ ክልክል ነው። ተማሪው ወይ ልብ ወለድ ያነባል፣ ወይ ይጫወታል። ለፈተና ማጥናት የሚያስቀጣበት ሰዓት! አቼቤ ራሱ ይህን ሕግ በምስጋና አስታውሶታል። ገጣሚው ክሪስቶፈር ኦኪግቦና ደራሲው ኤሌቺ አማዲም ከዚያው ግቢ ነው የወጡት። የኡሙአሂያው ርእሰ መምህር የደነገጉት ሰዓት፣ የኛ ተቆጣጣሪ ከእኅቴ ልጅ እጅ የነጠቀው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ዛሬ ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። በዚያ ድንጋጤ መካከል ጥሩ ውጤት ካመጡት ዘንድ የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ስም ተደጋግሞ ተነሣ። ስለዚህ የወላጅ ሁሉ ዐይን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ቢዞር አይፈረድበትም። የእኅቴም ዐይን የዞረው ለዚህ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የክውንና የእይታ ጥበባት በመጀመሪያና በመካከለኛ ደረጃ እንደ አንድ ትምህርት መሰጠት ጀምሯል፤ ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ልጁ በልጅነቱ የሣለውና የዘመረው፣ ድምፁ ሲጎረንንና የሚለው ነገር ሲያገኝ፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ፣ ማደሪያ ሊያጣ አይገባም።

"አንተ ስለ ግጥም ታወራለህ፤ ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስንቱ ልጅ ከደጅ ቀርቶ!" የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። ጠመኔ ለሌለው ክፍል መጋረጃ ይገዛለት ብዬ ብናገር ቀልደኛ ነኝ። እኔ ግን መጋረጃ አልጠየቅሁም። ፒያኖም፣ የሥዕል ክፍልም፣ አዳራሽም አልጠየቅሁም፤ ቢኖሩ ደስታዬ ነው። የጠየቅሁት ዲማ በሣር ጎጆ የነበራትን ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ አንድ ደጃፍ፣ ልጁ ያመጣውን ሰምቶ "ይህ ተሰበረ፤ ይህ ቀና" የሚለው አንድ ሰው። ይህ ከበጀት መዝገብ ላይ አይገባም፤ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና አውቀዋለሁ። ደግሞም ልጅ የሚለው የሚያጣበት ዘመን ሳይሆን የሚለው የበዛበት፣ የሚሰማው ግን ያነሰበት ዘመን ነው ይህ። ጦርነት ያየ ልጅ ያየውን የሚያስቀምጥበት ቃል ካላገኘ የት ያስቀምጠዋል?

ክረምቱ ሳያልቅ እኅቴንና ልጁን ይዤ ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ደብተሩን ለማስመለስ ብቻ አይደለም። በወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ይህንኑ ልመና አቀረብሁ። አንዳንዱ ሳቀ። አንድ ወጣት መምህር ግን ከስብሰባው በኋላ ተከትለውኝ ወጡና "ዓርብ ማታ እኔ እቀመጣለሁ፤ ካስፈቀዱልኝ" አሉኝ። ይፈቀድላቸው አይፈቀድላቸው ገና አልታወቀም። ደብተሩም አልተገኘም።

ስለዚህ ለልጁ አዲስ ደብተር ገዛሁለት። ቀን ስቆጥር ውዬ ማታ የቆጠርኋትን ይህችን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍሁለት። "ልተወው እንዴ?" ላለኝ ጥያቄ መልሴ ይህች ናት፤ ጉድለቷን ያቃናት እርሱ ነው።

ስንቅህን ቋጥረህ፣ ከቤት የወጣኸው፣
ለአንድ ሌሊት አይደል፣ ማደርያ የሻኸው፤
አልጋውንስ ሰጡህ፣ መብራቱም ደመቀ፣
ቃልህ የት ይደር ነው፣ ልቤ የጠየቀ።